በጃንጥላ ሽቦ የቆመች ካሜራ

እኔ ብዙ ማውራት አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈውም ልጄ ማኅሌት «ቤቱ የታመመ ሰው ያስተኛ ሁሉ ሊያነበው ይገባል» እያለች ስለጨቀጨቀችኝ ነው። እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ስሜ አስካለ ይባላል። ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር፣ እቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ባለቤቴ ታፈሰ ሜክሲኮ አካባቢ ፎቶ ቤት ነበረው። በሰፈራችን ግድግዳ ላይ የቆየ የሠርግ ፎቶ ካያችሁ አብዛኛው እሱ ያነሳው ነው። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሉን። ከሆስፒታል ሲወጣ እጁም፣ እግሩም፣ አንደበቱም አይታዘዙትም ነበር። በማንኪያ የምሰጠውን አጥሚት ይውጣል፣ ዓይኑን ይገልጣል፣ ይከድናል። ሌላ የለም።

ሐኪሙ «ይግባው አይግባው እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለን። ዓይንህን ጨፍን ስንለው አንዳንዴ ይጨፍናል፤ ሳንለውም ይጨፍናል። ብሌኑ ትንቀሳቀሳለች፣ ግን እንቅስቃሴዋ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነው። የዓይኑ ቆብም ግማሽ ድረስ ወርዶ ስለቀረ ወዴት እንደሚያይ አይለይም። ስለዚህ ጠያቂ ሲመጣ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ እሱ ያወራል እንጂ ከእሱ ጋር አያወራም። «ምነው እግዜር ቢገላግለው» ያለም ነበር፣ እዚያው ራስጌው ላይ ሆኖ።

እኔ ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ጸበል አቀምሰዋለሁ፣ ግንባሩንና ዓይኖቹን በቅባ ቅዱስ አማትቤ እቀባዋለሁ። አወራዋለሁም። ግን እውነቱን ልናገር፤ መልስ ሳልጠብቅ ነበር የማወራው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ እሁድ የታፈሰ ታላቅ ወንድም ጋሽ ወርቁ ከደብረ ብርሃን መጡ። ራቅ ያለ ገዳም አለ፤ ጸበሉ ስንቱን ከአልጋ አስነስቷል፤ በመጪው ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፤ እስኪሻለው ድረስ እዚያ ከእኔ ጋር ይቆይ፤ አንቺም ትንሽ እረፊ አሉኝ። እሺ አልኩ። እኔም ለረጅም ጊዜ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነበር።

ማኅሌት ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«እማዬ፣ አባዬን ጠይቀሽዋል?»

«ምን ብዬ?»

«መሄድ ትፈልጋለህ ወይ ብለሽ።»

«በየትኛው አፉ ይመልስልኛል?»

«በዓይኑ ቢመልስስ?»

ወደ ስፌቴ ዞርኩ። እሷ ግን አልተወችኝም።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ ስጪኝ። እሄዳለሁ ካለ ሻንጣውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አልሄድም ካለ ደግሞ ለጋሼ የምትነግሪያቸው አንቺ ነሽ።»

«ራሱ ካለማ እሺ» አልኳት። እንደማይሆን እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው።

ማኅሌት ያን ጊዜ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ ተቀጥራ ነበር። እዚያ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባል መነጽር አላቸው። የዋና መነጽር ይመስላል፣ ግን እንደ ጡብ ወፍራም ነው። ዓይን ላይ ሲታሰር ውስጡ ስክሪን አለ፤ ገና ያልተሠራ ቤት ውስጥ ገብታችሁ የምትዞሩ ይመስላችኋል። ለደንበኞቻቸው የሚያሳዩበት ነው። አለቃዋን አስፈቅዳ፣ ሰኞ ልትመልሰው፣ ረቡዕ በምሳ ሰዓት ይዛው መጣች። ለራሷም የሁለት ቀን ፈቃድ ወስዳለች።

«የአባዬ አንገት ይዘነበላል» አለችኝ። «ኮምፒውተር ፊት ለፊቱ ብናስቀምጥ አያየውም። ይሄኛው ግን ስክሪኑ ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ነው የሚዞረው። ውስጡ ትንሽ ካሜራ ካስገባሁ እኛ የማናየውን የብሌኑን እንቅስቃሴ ታይልናለች።»

«ካሜራ ያለው አይሸጥም?»

«ውጭ አገር ይኖራል። እኛ እንሠራዋለን።»

ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ ከፍተው ሰዓት ይሠራሉ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከታፈሰ ጋር ሳይተያዩ አይውሉም ነበር። ማኅሌት ስትጠራቸው መሣሪያቸውን በመሀረብ ቋጥረው መጡ።

«በይ፣ የታለ የሚታረደው?» አሉ ገና ሳይቀመጡ።

ለኮምፒውተር የሚሆን ካሜራ ሰጠቻቸው። ሽፋኑን ገሽልጠው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ብቻ አስቀሩ። ማኅሌት ደግሞ ከካሜራዋ ውስጥ ስስ ቁራጭ መስታወት በምላጭ ነቅላ አወጣች። በዓይን የማይታይ ብርሃን አለ፤ ይህ መስታወት እሱን ይከለክላል፤ እኛ ግን የምንፈልገው እሱን ብቻ ነው፤ የስክሪኑ ብርሃን ካሜራዋን እንዳያደናግራት፣ አለችን።

«ለማይታይ ብርሃን መብራቱን ከየት ልታመጪ ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

«ከሪሞት ነዋ። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችው አምፖል እሷ ናት።»

ጋሽ ሰይድ ከሱቃቸው ሁለት የተበላሹ ሪሞቶች አምጥተው፣ ፈትተው አምፖሎቹን በየዱላት። ሲበሩ ምንም አይታይም። በሞባይሏ ካሜራ ስታሳየን ግን ሐምራዊ ሆነው ቦግ አሉ።

«ሱብሃነላህ! ዓይን አያቃጥልም ግን?»

«አቅሙን በጣም ቀንሼዋለሁ። ደግሞ መጀመሪያ ራሴ ላይ ነው የምሞክረው።»

«አንቺ ላይማ አይሆንም፣ ገና አላገባሽም። እኔ ላይ ሞክሪው።»

ከዚያ ማኅሌት ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ የአባዬ ኔጌቲቮች የት ናቸው?»

አልጋው ሥር በብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው ነበር። «የሰው ፎቶ እንዳትቆርጪ» አልኳት።

«ፎቶ ያለበትን አልነካም። ጥቁሩን ጫፍ ነው የምፈልገው።»

የፊልም ጫፍ ካሜራ ውስጥ ሲገባ ብርሃን ስለሚነካው ታጥቦ ሲወጣ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ማንም የለበትም። ያ ጥቁር የሚታየውን ብርሃን ያስቀራል፣ የማይታየውን ያሳልፋል አለች። ትንሽ ቁራጭ ካሜራዋ ፊት ላይ ለጠፈች። ታፈሰ አልጋው ላይ ሆኖ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ያይ አያይ አላውቅም።

የሚያስቸግረው ካሜራዋን መነጽሩ ውስጥ ማቆም ነበር። ከዓይኑ በታች በጉንጩ በኩል ሆና ወደ ላይ ማየት አለባት፤ ስክሪኑን መጋረድ የለባትም፣ ቆዳውንም መንካት የለባትም። በካርቶን ሞከርን፤ ጋሽ ሰይድ ሲያጠልቁት በላባቸው ለዘበ። በመዳብ ሽቦ ሞከርን፤ በራሱ ታጠፈ።

«የተሰበረ ጃንጥላ የለሽም እትዬ አስካለ?» አሉ ጋሽ ሰይድ።

አልጠፋም። ከጃንጥላው አንድ ሽቦ ቆረጡ፤ ጫፉን ቀለበት አድርገው ካሜራዋን አሰሩበት፤ ሌላውን ጫፍ በትንሽ የሰዓት ብሎን ከመነጽሩ ጠርዝ ጋር ያዙት። ብሎኗ ስትላላ ካሜራዋ ትዞራለች፣ ስትጠብቅ ቀጥ ትላለች። እኔም የድርሻዬን ሠራሁ። ፊቱን የሚነካውን ስፖንጅ በጥቁር ከፋይ ሸፈንኩት። ማሰሪያውን አውጥቼ ሰፊ ላስቲክ ሰፋሁበት፤ ታፈሰ በጀርባው ስለሚተኛ መቆለፊያው ወደ ጎን እንዲሆን አደረግኩት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። እኔም አጠለቅኩት። ላፕቶፑ ላይ ዓይኔ አመድማ ሆኖ ይታያል አለችኝ፤ ብሌኑ ጥቁር፣ መሀሉ ላይ ከአምፖሉ የመጣች አንዲት ነጭ ነጥብ። ኮምፒውተሩ ጥቁሩንና ነጥቧን ፈልጎ አረንጓዴ ክብ ያስርባቸዋል። በጋሽ ሰይድ ዓይን ሠራ፣ በማኅሌት ሠራ፣ በእኔም ሠራ።

ታፈሰ ንቁ የሚሆነው ጠዋት ነው። ሐሙስ ጠዋት አጠለቅንለት። አልሠራም። አረንጓዴው ክብ አንዴ ቅንድቡ ላይ፣ አንዴ ጉንጩ ላይ እንደ ፌንጣ ይዘላል። ማኅሌት አውጥታ ራሷ ላይ ሞከረች፤ ይሠራል። መልሳ እሱ ላይ፤ አይሠራም። ብሎኗን አላልታ አጠበቀች፣ ሽቦውን አቃናች። ምሳውን አብልቼ፣ ፊቱን አጥቤ፣ እንደገና ሞከርን። ክቡ ቆመ!

«ብሎኗ ነበረች!» ብላ ጮኸች።

ኮምፒውተሩ እንዲለምደው ዘጠኝ ነጥቦችን አንድ በአንድ ማየት ነበረበት። አምስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ነገ ጠዋት ይደርሳል ብለን ተውነው።

ዓርብ ጠዋት ባሰ። ማኅሌት አምፖል ቀየረች፣ አዲስ ፊልም ቆረጠች፣ ሽቦውን ሦስት ጊዜ ፈትታ ሰካች። ጋሽ ሰይድ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ምንም የለም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ታፈሰ ደክሞት እስኪመሽ ድረስ ተኛ።

ማኅሌት መነጽሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እኛ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ችግሩ ከመነጽሩ አይደለም» አለች። «ምናልባት ሐኪሙ ልክ ነው፣ እማዬ። ምናልባት አባዬ... የለም።»

ልጄ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ተነሥቼ የታፈሰን ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ። የተመኘሁት ሊደርስ ነው፤ እጄ ግን ከበደኝ። ካልገባው ወስደነው አልወሰድነው ለእሱ ለውጥ የለውም። ከገባው ግን፣ ሳንጠይቀው እንደ ዕቃ ጭነን ልንልከው ነው። ይህን ከዚያ ቀን በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። «እመቤቴ ሆይ፣ የልቡን ግለጪልን» ብዬ ለመንኩ። ቅባ ቅዱሱንም ከወትሮው አብዝቼ፣ ግንባሩንና ሁለት ዓይኖቹን እያማተብኩ ቀባሁት።

ጋሽ ወርቁ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። መኪናው መንገዱ ጋ ቆሟል፤ ሁለት ተሸካሚዎችም አብረዋቸው መጥተዋል። ማኅሌት መነጽሩን ለመጨረሻ ጊዜ አባቷ ላይ አሰረች። አረንጓዴው ክብ ያንኑ ዝላዩን ቀጠለ።

«ምንድን ነው ዓይኑ ላይ ያሰርሽበት?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ሐሳቡን እንዲነግረን ነው ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ታገሡ። ሲደክማቸው «በቃሽ ልጄ፣ ሰውየውን አታድክሚው» አሉ። ማኅሌት አንገቷን ደፋች። «እንግዲህ ለመንገዱ አቡነ ዘበሰማያት እንበልና እንነሣ» ብለው ቆሙ።

ሁላችንም ቆምን። መነጽሩ ገና ከዓይኑ አልወረደም። እኔ የቆምኩት በላፕቶፑ በኩል ነበር። «አቡነ ዘበሰማያት» ብለን ስንጀምር፣ ስክሪኑ ላይ የታፈሰ ዓይን ቀስ ብሎ ተከደነ፤ እንደተከደነም ቆየ። በቆቡ ላይ አንዲት ነጭ መስቀል ታበራ ነበር።

ጸሎት አቋርጬ አላውቅም። ያን ቀን አቋረጥኩ።

«ማኅሌት፣ ያ ነጩ ምንድን ነው?»

«የአምፖሉ ነጸብራቅ ነው፣ ሁልጊዜ አለ። አባዬ ቆዳው ስለሚያበራ ነው...» ብላ ጎንበስ አለች። «እማዬ፣ መስቀል እኮ ነው።»

«የእኔ ጣት ነው» አልኳት።

ለካ ማኅሌት የምታየው ዓይኑ ሲገለጥ ነበር። ሲገለጥ ቆቡ ይታጠፋል፣ ቅባቱ ሽፋሽፍቱ ላይ ይሰባበርና ብዙ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ኮምፒውተሩ አንዲት ነጭ ነጥብ ሲፈልግ ሃያ ያገኛል። ሐሙስ ከሰዓት የሠራው ብሎኗ ስለጠበቀች ሳይሆን ፊቱን ስላጠብኩት ነው። ዓርብ አልሠራ ሲል ደግሞ ቅዳሜ ይበልጥ አበዛሁት።

«ቅባ ቅዱስ አበላሸው ልትይ ነው?» አሉ ጋሽ ወርቁ ቆጣ ብለው።

«አይደለም፣ ጋሽ ወርቁ። ቅባቱ ሥራውን ሠርቷል። እኔ ነኝ ልጄን ያላማከርኳት።»

ለብ ያለ ውሃና ጥጥ አመጣሁ። ቅባ ቅዱስ ከሰው ፊት ጠርጌ አላውቅም። ከዓይኖቹ ብቻ ጠረግኩ፣ ግንባሩን ተውኩት። ጥጡን አልጣልኩትም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።

መነጽሩን መልሰን አሰርን። ክቡ ብሌኑ ላይ ተቀመጠ። ዘጠኙን ነጥቦች አንድ በአንድ ተከተለ። ከዚያ ማኅሌት ሁለት ቃል አመጣችለት፤ በቀኝ «አዎ»፣ በግራ «አይ»። አንዱን አተኩሮ ካየው ቃሉ አረንጓዴ ይሞላል።

«አባዬ፣ ማኅሌት ነኝ። የምትሰማኝ ከሆነ አዎን እይ።»

ክቡ ወደ ቀኝ ሄደ። ሞላ።

«አጋጣሚ ይሆናል» አሉ ጋሽ ወርቁ፤ ድምፃቸው ግን ተለውጧል።

«እርስዎ ይጠይቁት፣ ጋሼ።»

ጥቂት አሰቡ። «ታፈሰ፣ እኔ ያንተ ታናሽ ነኝ?»

ግራ። አይ።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጠጋ አሉ። «የአባታችን በቅሎ የጠፋች ቀን... ሳላስራት የሄድኩት እኔ፣ የተገረፍከው አንተ። ትዝ ይልሃል?»

ቀኝ። አዎ። ወዲያው ነው የሞላው።

«አይ አንተ! እስካሁን ይዘህብኛል!» ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ።

ዋናውን ጥያቄ መጠየቅ የእኔ ፈንታ ነበር።

«ታፈሰ፣ ጋሽ ወርቁ ጸበል ሊወስዱህ መጥተዋል። ራቅ ያለ ነው፣ ብዙ ትቆያለህ። መሄድ ትፈልጋለህ?»

ክቡ መሀል ላይ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ወደ ግራ ሄደ።

«ገልብጠሽ ጠይቂው እማዬ፣ ተሳስቶ እንዳይሆን» አለች ማኅሌት።

«እዚሁ ቤትህ መቅረት ነው የምትፈልገው?»

ቀኝ። አዎ።

ሌላ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር፣ ግን አፌ ቀደመኝ። «ጠዋት ጠዋት ስቀባህ ይከብድሃል? ልተው?»

ግራ። አይ።

ጋሽ ወርቁ ተነሡ። ተሸካሚዎቹን አሰናበቱ። «እንግዲያው ጸበሉ ወደ እሱ ይመጣል» አሉ። በወሩ በጀሪካን ይዘው መጡ፤ ከዚያም ሳያቋርጡ ያመጡለት ነበር። ታፈሰን ሳይጠይቁ ግን አንድ ነገር ወስነው አያውቁም።

ያን ቀን ሰዎች ከሄዱ በኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቷል ማለት ነው። «እግዜር ቢገላግለው» ያለውን ሰምቷል። እኔና ጋሽ ወርቁ ራስጌው ቆመን እንውሰደው ስንባባል ሰምቷል። ይቅርታ ጠየቅኩት። መነጽሩ ዓይኑ ላይ አልነበረም፤ መልሱን አላየሁም። ብቻ ጠየቅኩት።

ለንስሐ አባቴም ነገርኳቸው። ከዓይኑ በመጥረጌ ቅጣት ይሰጡኛል ብዬ ነበር። ሳቁና «ግንባሩን ጠዋት ቀቢው፣ ዓይኑን ማታ። እመቤታችን የልቡን እንድትገልጥ ለምነሻል፤ ስትገልጥልሽ ምን ያስደነግጥሻል?» አሉኝ። እስከ መጨረሻው እንዲሁ አደረግኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቤታችሁ መናገር የማይችል ሰው ተኝቶ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። እንደሚሰማ ሰው አናግሩት። ስለ እሱ የምታወሩትን ከቤት ውጪ አውሩ፤ ይልቁንም አታውሩት። መነጽርና ካሜራ ሁሉም ሰው አያገኝም፣ አውቃለሁ። እኔን ያስተማረኝ ግን መነጽሩ ብቻ አይደለም። ስወደው ኖሬ፣ ስለ እሱ ስወስን ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። የልጄ ጥያቄ ነው የነቃሁበት። እግዚአብሔር እሷን ስለሰጠኝ አመሰግነዋለሁ። ጋሽ ሰይድንም ጎረቤት ስላደረገልኝ አመሰግነዋለሁ።

የማኅሌት አለቃ ነገሩን ሲሰማ ቅዳሜና እሁድ መነጽሩን እንድትወስደው ፈቀደላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊደል አዘጋጀችለት፤ መጀመሪያ ረድፉን፣ ከዚያ ፊደሉን በዓይኑ ይመርጣል። ጋሽ ሰይድም ሊያዩ መጥተው ነበር። ለመጀመሪያው ቃል ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እኔ የልጁን ስም ወይም የፈጣሪን ስም ይጽፋል ብዬ እጠብቅ ነበር። የወጡት ፊደሎች ሁለት ናቸው።

ጨው።

ሐኪም ከልክሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ጨው ነበር ያበላሁት። ጋሽ ሰይድ «ወላሂ ጀግና ነው የቻለሽ!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ሰኞ ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ በጣት ቆንጠር ያህል ፈቀደ። ቅዳሜ ሲደርስ ያችኑ ያህል አጥሚቱ ውስጥ ጨምሬ፣ አቅምሼው፣ መነጽሩን አሰርኩለት።

«አሁንስ ጨው በቃው?» አልኩት።

ወደ ግራ ሄደ። አይ።